ሦስት ሞግዚት በአንድ ደረሰኝ

ሞግዚት ላገናኘኝ ቢሮ ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። አንዱ ኮከብ ስልክ ስለሚያነሱ ነው፤ ሌላው ሦስተኛዋን ልጅ ስላመጡልኝ። ሦስቱ የት እንደቀሩ ነው የምጽፈው። የአገናኙን ቢሮ ስም አልጠራም። ደብረ ማርቆስ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ከቢሮው ባለቤት ከወይዘሮዋ ጋር እሁድ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን እንቆማለን። በዚያ ላይ በሌሎች አገናኞች በኩል ሠራተኛ የቀጠሩ የሥራ ባልደረቦቼ የሚያወሩት ከእኔ ታሪክ ብዙም አይርቅም።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዳቦ ስገዛ እንኳ መልሱን ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። ቁጥር የሚሰለቸው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም፤ ፍርዱን ሰምቷል።

ልጄ የተወለደው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይፈቅዳል። ደግ አዋጅ ነው። የዘጠና ቀን ሕፃን ግን አዋጅ አያነብም። መስከረም ላይ ወደ ሥራ ስመለስ ልጄ ገና አንገቱን ማጽናቱ ነበር። እናቴ ብቸና ናት፤ ላሟንና ጓሮዋን ጥላ ከሁለት ሳምንት በላይ አትቀመጥም። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጁን ቁጭ ብለው ያቅፉታል እንጂ ይዘውት መነሣት አይችሉም። በሰፈራችን ያለው የሕፃናት ማቆያ «ደግፈው ሳያስቀምጡት መቀመጥ ሲችል አምጪው» አለኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ እርሱም ከጠዋት እስከ ማታ የለም። እናም ወደ አገናኝ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። በሯ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው «ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ፣ ተመላላሽ ሠራተኛ እናገናኛለን» ይላል። ሁለተኛው «የፓስፖርት ማመልከቻ እንሞላለን» ይላል፤ ከሥሩ የአውሮፕላን ሥዕል አለበት። ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ግን አንድ ነው። ስድስት ሰባት ልጆች ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተደርድረዋል። የትኛዋ ቤት፣ የትኛዋ ፓስፖርት እንደምትጠብቅ በዓይን አይለይም። ብዙዎቹ ሁለቱንም እንደሚጠብቁ የገባኝ ኋላ ነው።

ወይዘሮዋ ትሕትናቸው ጥሩ ነው። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ሕፃኑን ባረኩልኝ፣ ከዚያ ወፍራም መዝገባቸውን ገለጡ።

«ተመላላሽ ናት ወይስ እዚያው የምታድር?»

«የምታድር።»

«ደመወዟን ሦስት ሺህ እንበል። ምግቧና መኝታዋ ከእርስዎ ነው፤ ለእርሷ ሦስት ሺው ንጹሕ ትርፍ ነው።»

ይህችን ንግግር ያዙልኝ። እኔም ያን ዕለት አንገቴን ነቅንቄ ተቀብያታለሁ። የሚበላና የሚተኛ ሰው፣ በዚያ ላይ ሦስት ሺህ ብር፤ ደግ አሠሪ የሆንኩ መሰለኝ።

ክፍያው እንዲህ ነው፦ ከእኔ የወር ደመወዟን 30 በመቶ፣ ማለትም 900 ብር፣ በደረሰኝ። ከልጅቷ 10 በመቶ፣ 300 ብር፣ ያለ ደረሰኝ፣ ከመጀመሪያ ደመወዟ ላይ። በምትኩ የሦስት ወር ዋስትና ይሰጣሉ። በሦስት ወር ውስጥ ልጅቷ ብትሄድ ወይም ባልወዳት ተተኪ በነጻ ያመጣሉ። በነጻ የሚለውን ቃል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ይህን ያህል ዓመት የሰው ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ ሴት «ለማን ነው ነጻ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። የተያዡ ስም፣ የተያዡ አድራሻ፣ የተያዡ ፊርማ። «ለጠፋ ወይም ለተሰበረ ንብረት ተጠያቂው ተያዡ ነው» የሚለው ደመቅ ብሎ ተጽፏል። ስንት ሰዓት ትሠራለች፣ መቼ ታርፋለች፣ ብትታመም ማን ያሳክማታል የሚል መስመር የለውም። ያኔ አላስተዋልኩትም፤ ያስተዋለው ሌላ ሰው ነው፤ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ቅጽ ላይ ዕድሜዋ 18 ይላል። ፊቷን ሳይ ተጠራጠርኩ፤ ግን የገጠር ልጅ ከዕድሜዋ ታንሳለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ቤት ስመለስ ልጄ ሰሌን ላይ ተኝቷል፤ እርሷ አጠገቡ ተንበርክካ ቅልቦሽ ትጫወታለች። አምስት ጠጠር መርጣ፣ አንዱን ወደ ላይ ወርውራ አራቱን ስታፍስ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጥቷል። እኔን ስታይ ጠጠሮቹን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። በዚያች ቅጽበት ቤቴ ውስጥ ሁለት ሕፃናት እንዳሉ ገባኝ። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኳት። «እነርሱ አሥራ ስምንት በይ ብለውኛል፣ እትዬ» አለች። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ይህቺ ልጅ አሥራ ሦስትም የሞላት አይመስለኝም።

ይዣት ቢሮው ሄድኩ። ወይዘሮዋ አልደነገጡም። «ካልፈለጓት ሌላ ቤት እንልካታለን» አሉኝና መዝገቡን ገለጡ። እኔ ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። ወላጆቿ የት እንዳሉ መጠየቅ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ቢሮ መንገር ነበረብኝ። ያደረግሁት ግን ሰዓቴን አይቼ ተተኪዋን ይዤ መውጣት ነው፤ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ብቻ ነበረኝ። ለቢሮው ከነፈግሁት ኮከብ አንዱ የእኔም ዕዳ አለበት።

ሁለተኛዋ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከደምበጫ አካባቢ የመጣች፣ ታላላቆቿ የወለዷቸውን ያሳደገች ጎበዝ ነበረች። ልጄን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ስትለው እኔ እንኳ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። አጥሚት አሠራሯ፣ ጡጦ አቀቃቀሏ፣ ዳይፐር ስትቀይር የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ስማ መጨረሷ! አምስት ሳምንት ተኩል ቆየች። አንድ ማክሰኞ ማታ ሳህን እያጠበች «እትዬ፣ ፓስፖርቴ ወጥቷል፤ የብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ» አለችኝ። ዓርብ ሄደች።

ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ንዴቴ የሒሳብ እውቀት የጎደለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ልጄን እያጠባሁ ባልደረባዬ ደውላ «ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ቁጥር እጄን እያንቀጠቀጠው ነው» አለችኝ። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጅቷ ያሳየችኝ ውል ላይ የተጻፈው ደመወዝ 1000 የሳዑዲ ሪያል ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የተቆለፈ ስለሆነ ዶላሩ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ከሐምሌ በፊት ያ ደመወዝ 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ኅዳር ላይ እኔ ቤት ሳህን ስታጥብ ከ30 ሺህ በላይ ሆኗል። ሪያድ ያለችው እመቤት አንዲት ሪያል አልጨመረችም። የእኔም ሦስት ሺህ ባለበት ነው። ልጅቷ ግን መደመር ታውቃለች።

ውሉን እስኪበቃኝ አነበብኩት። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወጪው ተከፋፍሏል። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን አሠሪዋ ትከፍላለች። ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና ክትባቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የብቃት ምዘናውን ሠራተኛዋ ትሸፍናለች። ወረቀት ሁሉ እንደተጻፈው ይፈጸማል የምል የዋህ አይደለሁም። በ2006 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ፣ መንግሥትም ጉዞውን ለዓመታት ሲያግድ ሁላችንም አይተናል። ፓስፖርቷን ተቀምታ ያለቀሰች የጎረቤት ልጅ የሌለችው የጎጃም መንደር ብዙ አይገኝም። ቢሆንም ባሕር ማዶ ያለች የማታውቃት ሴት በወረቀት የገባችላት ግዴታ፣ እኔ እዚሁ ለአገሬ ልጅ ከፈረምኩት ይበልጣል። ይህ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

የዋስትናው ምሥጢር የተገለጠልኝም ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛዋ ከመሄዷ በፊት «የመጀመሪያ ደመወዜ 2,700 ነው የደረሰኝ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። እኔ 900 ብር ከፍዬ ሦስት ሞግዚት አገኛለሁ። ቢሮው ግን ለተተኪ ሲል አንድ ብር አያወጣም፤ እንዲያውም አንዲት ልጅ ወጥታ ሌላ በገባች ቁጥር ከአዲሷ 300 ብር ይቀበላል። ለእኔ በነጻ የተባለውን ዋስትና የሚከፍሉት አግዳሚው ላይ ፌስታል ታቅፈው የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ልጅቷ ቤቴ ብትከርም ቢሮው አይጠቀምም፤ ብትመላለስ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ውል በባንካችን አንድ ደንበኛ ቢያቀርብ «የጥቅም ግጭት» ብለን እንመልሰው ነበር።

ሦስተኛዋን ልወስድ ስሄድ ወይዘሮዋ «ሁለት ተተኪ ብቻ ነው የሚፈቀደው» አሉኝ። እኔም የልጅቷን 300 ብር ራሴ ከፈልኩና ደረሰኝ ጠየቅሁ። «ለዚህኛው ደረሰኝ አንቆርጥም» አሉኝ። እሺ።

ሦስተኛዋ የስናን ልጅ ናት፣ ከጮቄ ግርጌ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይህን ደግሞ መታወቂያዋን ራሴ አይቼ፣ አባቷንም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ትምህርት ቤታቸው ስለተዘጋ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆማለች። አባቷ ተያዥ ሊሆኑ አብረዋት መጡ። ጋቢ የለበሱ፣ በትራቸውን ከበሩ ኋላ ያስደገፉ፣ ከአይሱዙ ላይ አንድ ማዳበሪያ ድንች አውርደው «ለሕፃኑ እናት» ብለው ያስረከቡኝ ሰው ናቸው። ወይዘሮዋ ውሉን ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙና «አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ብትታመምሳ? የሰበረችውን እኔ እከፍላለሁ፤ እርሷ ብትሰበር ማን ይከፍላል?»

ወይዘሮዋ ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። ቆይቼ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ጠየቅሁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ለብቻው በደንብ ይወሰናል ብሎ ወደ ጎን ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉት። ከ2601 ጀምሮ ስለ መኝታው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ሰዓቱ አሠሪው እንዲጠነቀቅ፣ ሲታመምም እንዲያስታምም ያዝዛሉ። ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕግ የአባትየውን ጥያቄ መልሶታል፤ የቢሮው ቅጽ አልሰማም። አባትየው ግን ሕጉን አልጠበቁም። አውራ ጣታቸውን ከማተማቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «የሰማይ የምድር አደራ» አሉኝ። ይህኛው ውል ከወረቀቱ ይልቅ ከበደኝ።

ልጅቷ ሁለት ወር ጸጥ ብላ ሠራች። በሦስተኛው ወር ሁለተኛዋ ከሪያድ በስልክ አግኝታት ኖሮ (እንዴት እንደተዋወቁ እስካሁን አልገባኝም፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይመስለኛል) አንድ ምሽት «እትዬ፣ ደመወዜን ቢጨምሩልኝ» አለችኝ። ተቆጣሁ ማለት አይቻልም፤ ከፋኝ። እንደ እህቴ የማያት ልጅ እንዴት እንዲህ ትለኛለች? በሙያዬ ልመልስላት ወሰንኩ። የምትበላውን በወር መዝግቤ «አየሽ፣ ሦስት ሺህ አይደለም የምከፍልሽ» ልላት።

ደብተር አወጣሁ። የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ቡና፣ ሳሙና፤ በነፍስ ወከፍ አካፍዬ 1,700 ብር መጣ። ከሥሩ «መኝታ» ብዬ 400 ብር ጨመርኩ፤ በሰፈራችን ከሰው ጋር ተጋርቶ የሚከራይ ክፍል ስንት እንደሆነ ጠይቄ ነው፣ ከአየር ያመጣሁት አይደለም። ድምሩ 2,100። ከሦስት ሺው ጋር 5,100 ብር። ከዚህ ውስጥ ምግብና መኝታ 41 በመቶ ሆነ። ረክቼ ቀይ መስመር አሰመርኩበት።

ያን ሰሞን ቦስተን አጠገብ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። ከእኔ ወገን ትቆማለች ብዬ ደብተሩን አነበብኩላት። ሳቋን መግታት አቃታት። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሒሳብ የአሜሪካ መንግሥት ካንቺ ቀድሞ ሠርቶታል» አለች።

እህቴ ልጆቿን የምታስጠብቀው ኦ ፔር በሚባለው ፕሮግራም ከኮሎምቢያ በመጡ ልጃገረዶች ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 26 ሆኖ ከውጭ አገር ይመጣሉ፤ ዓመት በቤተሰቡ ውስጥ እየኖሩ ሕፃናት ይጠብቃሉ። በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ45 ሰዓት በላይ አይሠሩም። የግል መኝታ ክፍል የግድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል፣ በወር አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ከነክፍያው ፈቃድ አለ። ለትምህርት እስከ 500 ዶላር አሠሪው ይከፍላል። ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? በፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም 45 ሰዓት ሲባዛ 326 ዶላር ከ25 ይሆናል፤ ከዚያ ለምግብና ለመኝታ 40 በመቶ ይቀነሳል። አርባ በመቶ! እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በጤፍና በሽሮ ሠርቼ ያገኘሁት 41 ነው። ለአንድ አፍታ ራሴን እንደ ገንዘብ ሚኒስትር አየሁት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች እህቴ። እርሷ ያለችበት ማሳቹሴትስ የቤት ሠራተኞች መብት ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኦ ፔሮችም የክፍለ ግዛቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ማግኘት አለባቸው አለ። ዛሬ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ምግብና መኝታ መቀነስ ይቻላል፤ ዋጋው ግን በደንብ ተቆርጧል። ቁርስ 1 ዶላር ከ50፣ ምሳ 2 ዶላር ከ25፣ እራትም 2 ዶላር ከ25፣ ክፍል በሳምንት 35 ዶላር። በሳምንት ተደምሮ 77 ዶላር። እህቴ ልጅቷን 40 ሰዓት ስለምታሠራት 600 ዶላር ሲቀነስ 77፣ 523 ዶላር ትከፍላታለች። በፌዴራሉ ስሌት የዚያው ምግብና የዚያው አልጋ ዋጋ 130 ዶላር ከ50 ነበር። ቤቱ አንድ፣ ማዕዱ አንድ፣ ፍራሹ አንድ፤ ዋጋው ሁለት። ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። የእንጀራና የአልጋ ዋጋ በገበያ የሚገኝ ቁጥር ሳይሆን ብዕሩን የያዘው የሚጽፈው ነው ማለት ነው።

የእህቴ ቤትም ገነት አይደለም። ለአገናኝ ድርጅቱ ብቻ በዓመት ወደ 11 ሺህ ዶላር ትከፍላለች፤ ከወይዘሮዋ 900 ብር ጋር አነጻጽሩት። ፕሮግራሙም በሕግ የሚጠራው የሥራ ቅጥር ተብሎ ሳይሆን የባህል ልውውጥ ተብሎ ነው። 195 ዶላሩን ለዓመታት ያቆየውም ይኸው ስም ይመስለኛል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ «እንደ እህቴ ነው የማያት» ያልኩት ነገር ትዝ ብሎኝ ጆሮዬ ጋለ። ዘመድ የሚያደርጓት ደመወዝ ሲቀነስ ነው፤ ደመወዝ ሲጨመር ባዕድ ትሆናለች።

«መኝታ ብለሽ የጻፍሽው 400 ብር የቱ ክፍል ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

የልጁ ክፍል ነው። የልጁ አልጋ ሥር የተነጠፈ ፍራሽ።

ያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ልጄን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል። ተኝታለች። ቀኝ እጇ ግን አልተኛም፤ የልጄን ጀርባ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ ያደርጋል። ቆሜ አየሁ። ለአፍታ ያቆማል፤ ልጁ ሲንቀሳቀስ እንደገና ይጀምራል፤ እርሷ አትነቃም።

ይህ ነው እንግዲህ በወር 400 ብር ያከራየኋት መኝታ።

ጠዋት ደብተሩን አውጥቼ የ«መኝታ»ን መስመር ሰረዝኩ። ከዚያ እስከዚያ ድረስ ያልሠራሁትን ሒሳብ ሠራሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ለምግብና ለዕረፍት ቀንሼ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን አራት ሰዓት አውጥቼ፣ በሳምንት 87 ሰዓት። ሌሊቱን አልጨመርኩም። ሦስት ሺህ ብር ለዚያ ሲካፈል በሰዓት 8 ብር ይመጣል። ባንካችን በር ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ በዚህ አይሸጥም።

አሁን 4,200 ብር እከፍላታለሁ። እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ የራሷ ናት። ሌሊቱን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከባለቤቴ ጋር ተከፋፍለነዋል፤ ባለቤቴ በዚህ ረገድ ስለ አዋጅ 1156 ብዙ ቅሬታ አለው። ከዚህ በላይ ልክፈል ብል የእኔ ደመወዝ አይችለውም፤ ይህንንም ለልጅቷ ደብተሩን አሳይቼ ነግሬያታለሁ። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር 4,200 ትክክል ነው አይደለም የሚለኝ ቁጥር የለም። ከሪያዱ ጋር አይወዳደርም። እርሷም ፓስፖርት ማመልከቷን አልደበቀችኝም።

ወደዚህ ቢሮ ልሂድ ወይ ለምትሉኝ፦ ዘመድ ያመጣት ልጅ ካላችሁ አትሂዱ። ከሌላችሁ ሂዱ፤ ተያዥ በማጣራት አይታሙም፣ ከሰዓት በኋላም ስልክ ያነሳሉ። መታወቂያዋን ግን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ። ፊቷ ሕፃን ከመሰለ ሕፃን ናት። የልጅቷን 10 በመቶ እናንተ ክፈሉ። ቅጹ ጀርባ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ የሥራ ሰዓቷን፣ ዕረፍቷንና ሕመሟን እዚያ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ወይዘሮዋ ፊታቸውን ያጠቁራሉ እንጂ አይከለክሉም።

ዋስትናው ካለቀ በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ ስልክ ጠራ። እጇ ሊጥ ነበርና ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮዋ ናቸው። ይህም የታወቀ ነው፤ ሦስት ወሩ ሲያልፍ ልጅቷን ከቤታችሁ አውጥተው ሌላ ቤት ያስገቧትና ከሁለቱም ወገን እንደ አዲስ ይቀበላሉ።

«ጥሩ ቦታ አግኝቼልሻለሁ» አሉ፤ «ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ምግብሽና መኝታሽ ከእነርሱ።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ድንቹ አየሁ።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው የማገኘው፣ እትዬ» አለች። «እሁድም የራሴ ናት።»

ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ማን ቤት ነው ያለሽው?» አሉ ወይዘሮዋ።